ሚኒሞ ላይ የቀረ መኪና

ሐምሌ 4፣ ጠዋት

ከመጋዘን የወጣ፦ ደረቅ ሳሙና 14 ካርቶን፣ ፈሳሽ ሳሙና 9 ጄሪካን፣ በረኪና 6 ሳጥን። ሁሉም በእጅ ጋሪ። የተመለሰ የለም። ሁለቱን ካርቶን ዝናብ ነክቷቸዋል፤ ለሆቴሉ በቅናሽ ይሄዳሉ።

መኪና የለኝም። ይህን ደብተር የጀመርኩትም ለዚሁ ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረውን አንድ ቦታ ካላስቀመጥኩት ሥራዬን ያበላሽብኛል። ትናንት በረኪናውን በሳሙና ዋጋ ልሸጠው ምንም አልቀረኝም። ገዢው ራሱ ደንግጦ አየኝ።

ማታ

እንደሆነው ልጻፈው።

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ በጀመረ ሰሞን፣ ታናሽ ወንድሜ ዕቃ አድርሶ ሲመለስ ድንጋይ ማውጫው ጋ ካለው ኩርባ ላይ ቫኑን ዳር አስይዞ አቆመና ጠፋ። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር አመሻሽ ላይ ሲያልፍ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ሲወጣ አይቶ ፖሊስ ጠራ። በሮቹ ተቆልፈዋል። ሞተሩ ይሠራል። ፖሊሶቹ መስኮት ሰብረው ለማጥፋት እጃቸውን ቢያስገቡ ቁልፍ የለም። መሪው ሥር ያለው ቀዳዳ ባዶ ነው። ሞተሩ ያለ ቁልፍ ትንሽ ጮኸና፣ እነሱ ቆመው እያዩት፣ ሞተ።

እኔን አስጠሩኝ። "ምን ጎድሏል?" አለኝ መርማሪው። ዝናቡ እየወረደብኝ ቆጠርኩ። ደንበኛ ያልተቀበለው ዕቃ ልክ ነው። የሽያጩ ቦርሳ ወንበሩ ሥር አለ። ሚዛኑ አለ። ዣንጥላው እንኳ አለ። "ምንም አልጎደለም" አልኩ። ጻፈው።

ምንም ካልጎደለ ዘራፊ የለም። ከኩርባው ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ የአውቶቡስ ማቆሚያ አለ። "አዋቂ ሰው ነው" አለኝ፣ እስክሪብቶውን እየከደነ። "አዋቂ ሰው አውቶቡስ ይሳፈራል። ሲበቃው ይመለሳል።"

ግማሹ ሰው ሴት ይዞ ሄደ ይላል። ግማሹ ያለ ቁልፍ የሚሠራውን መኪና እያነሳ ያማትባል። ደንበኞቼ ሱቅ ሲገቡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ዋጋም አይከራከሩኝም። ይህ አያስደስትም። መከራከር ያቆመ ደንበኛ ወደ ሌላ ሱቅ ሊሄድ ነው።

ሐምሌ 7

መካኒኩ የድሮውን ሞተር አወረደው። ውስጡ ቀልጦ ተጣብቋል። ሽማግሌ ነው፣ ወንድሜንም እኔንም ከልጅነታችን ያውቀናል፤ እጁን ጣት በጣት በጨርቅ ጠረገ።

"እንደዚህ ያለ ሞተር አሁን አይገኝም" አለኝ በመጨረሻ። "በኢንጄክሽን የሚሠራውን ፈልጊ። አዲሱ ሞዴል እዚሁ ቦታ ላይ ይገባል። ችግሩ ኮምፒውተር አለው። ያስባል።"

"ለምን ያስባል? ሳሙና ነው የሚጭነው።"

"እሱን ለሠራው ሰው ንገሪው።"

ባትሪም ገዛሁ። የድሮው ከደከመ ቆይቷል። ትልቁን ነው የገዛሁት። መካኒኩ ይህን ያህል አያስፈልግም ብሎ ነበር።

ሐምሌ 8

የተሰባበሩ መኪኖች የሚሸጡበት ግቢ ሄድኩ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ሻጩ አንዱን ሞተር በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ እንደ በሬ።

"እትዬ፣ ይህ ገና ልጅ ነው። ምንም አልሠራም።"

"ልጅ ከሆነ ከማን ቤት ወጣ?"

"ከፊት ከተመታ መኪና።"

"ሰው ሞቶበታል?"

ዞር ብሎ አየኝ። "እኔ የምሸጠው ሞተር ነው እንጂ ታሪክ አይደለም።"

ጎንበስ ብዬ ሞተሩን አየሁት። ሳልጠይቀው ዋጋውን ቀነሰ። የሽቦ ጥቅሉንና ኮምፒውተሩንም በላዩ ላይ ጨመረልኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር።

ሐምሌ 10፣ ማታ

የወንድሜ ሚስት ግቢያችን ውስጥ፣ ከኔ ክፍል ፊት ለፊት ነው የምትኖረው። ከሰኔ ጀምሮ እራት አብረን እንበላለን። ዛሬ ሊመሽ ሲል ሹካዋን አስቀመጠችና አንገቷን ቀና አደረገች።

"እትዬ፣ ሰሙት?"

"ምኑን?"

"በር ላይ። መኪናው። ቆሞ ይሠራል።"

መኪናው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ሞተር የሚባል ነገር የለውም። ይህን ነገርኳት። የሚሰማው የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ጄኔሬተር ነው፣ መብራት ሲጠፋ ያስነሳዋል አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ሹካዋን ግን አላነሳችም።

እኔም ሰምቼዋለሁ። ጄኔሬተር ነው። ዝቅ ያለ፣ አንዳንዴ ሊጠፋ የሚደርስና ተመልሶ የሚይዝ። ሰውየው ሊያሠራው ይገባል።

ሐምሌ 13

ደረቅ ሳሙና 11፣ ፈሳሽ 7። ጋሪ ገፊው አመመኝ ብሎ ቀረ።

የወንድሜ አማት መጣ። ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ ፊት፣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ቆመ።

"ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት።"

"ልጅዎ ትልቅ ሰው ናት፤ እሷን ይጠይቋት።"

"ጥሏት የሄደ ሰው ቤት ምን ልትሠራ ነው የምትቀመጠው? ሰው ምን እንደሚላት ሰምተሻል?" ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ "አንቺስ ወንድምሽ ነው፤ የት እንዳለ አታውቂም ብዬ ልመን?"

"ባውቅ ኖሮ መኪናውን ራሱ እንዲያሠራ አደርገው ነበር" አልኩት። ደንበኛው ሳቀ። አማቱ አልሳቀም።

እሷን ከመጋዘን ጠራናት። እጇ ላይ የሳሙና ዱቄት ነበር። አባቷ ሁሉንም ደገመላት፤ አውቶቡሱን፣ ሴቲቱን፣ ሰፈሩን። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

"አባዬ፣ ሊሄድ የተነሳ ሰው መኪናውን አጥፍቶ ነው የሚሄደው።"

"ይህ መልስ ነው?"

"ለኔ መልስ ነው።"

እስከ ነሐሴ አጋማሽ ጊዜ ሰጥቷት ሄደ። ወንድሜ ካልመጣ ዕቃዋን ጭኖ ይወስዳታል፤ የሠርጓን ሽማግሌዎችም ጠርቶ ጋብቻው እንዲፈርስ ያደርጋል። "ስሟን አጥቤ ነው የምወስዳት" አለኝ በሩ ላይ። ሳሙና ቤት ቆሞ እንዲህ ማለቱን አላስተዋለውም።

ሐምሌ 16፣ ማታ

የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ ሥራ ጀመረ። ብልጭታ ይሉታል። ጎበዝ ነው ይባላል፤ ጎበዝነቱን ራሱም ይናገራል። ሽቦ በጥርሱ እየላጠ ስለሚያወራ ግማሹ አይሰማም።

"ማዘር፣ ይህችን ያዩዋታል?" ከአውራ ጣቴ ብዙም የማትበልጥ ነገር አሳየኝ፤ አራት ሽቦ ይገባባታል። "የሥራው ጣጣ በሙሉ እዚች ላይ ነው። ሚኒሞ የምትይዘው እሷ ናት።"

ሚኒሞ የሚሉት መኪናው ቆሞ፣ እግር ከነዳጁ ላይ ተነስቶ፣ ሞተሩ ለራሱ ብቻ ሲሠራ ነው። የድሮው ላይ በካቻቪቴ የምትዞር አንዲት ብሎን ነበረች፤ ወንድሜ ራሱ ያስተካክላት ነበር። በዚህኛው ግን ኮምፒውተሩ በአራቱ ሽቦዎች እያዘዘ አንዲት ትንሽ የአየር በር ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሞተሩ ሊያንቀላፋ ሲል ከፈት፣ ሲቸኩል ዘጋ።

"እግርዎ በሌለ ጊዜ እግርዎ እሷ ናት" አለኝ ብልጭታ። "ወንበሩ ላይ ሰው ኖረ አልኖረ ግድ የላትም።"

የሽቦ ጥቅሉ ከተሰባበረው መኪና በመጥረቢያ የተቆረጠ ነው። ቀለሞቹ በዘይትና በጭቃ ተመሳስለዋል። ቡናማውን ከቀዩ፣ ሰማያዊውን ከአረንጓዴው የሚለየው ጨርቅ በቤንዚን እያረጠበ እየጠረገ ነው። በጎን በኩል አንዲት የደረቀች ጥቁር ነጠብጣብ ነበረች። "ቀለም ነው" አለ፣ ሳልጠይቀው።

ሐምሌ 20

ተነሳ!

ግን ልክ አይደለም። አሁን ቸኩያለሁ፣ የሆቴሉ ትዕዛዝ አለ። ማታ።

ማታ

ብልጭታ በመጠባበቂያው ቁልፍ አስነሳው። ሁላችንም ሳቅን፤ መካኒኩ እንኳ ፈገግ አለ። ብልጭታ ከመኪናው ወርዶ እጆቹን ወደ ላይ አነሳ፣ እዩኝ ለማለት።

ከዚያ ሞተሩ መጮህ ጀመረ። ማንም አልነካውም። ወንበሩ ባዶ ነው። ቀስ እያለ ከፍ፣ ከፍ፣ አሁንም ከፍ፣ አንድ ሰው በጫማው ጫፍ እንደሚጫነው ሁሉ። ከዚያ ተወው። ወረደ፣ ወረደ፣ ሊጠፋ ሲል ተንቀጠቀጠና እንደገና ከፍ።

"ምንድን ነው የሚሠራው?" አልኩ።

"ይተነፍሳል" አለ አንዱ ከኋላ፣ ጎማ ሊያሠራ የመጣ ሰው። የጋራዡ መዶሻ ሁሉ ዝም ብሎ ነበር።

ብልጭታ ገብቶ አጠፋው። "አየር የሚያስገባ ቦታ አለ፣ ሌላ ምንም አይደለም" አለ። ድምፁ ግን በጥርሱ ሽቦ እንደያዘ ሰው ነው፣ ሽቦ ሳይዝ።

እኔ የተሰማኝን ልጻፍ፦ ወንድሜ አንድ ልማድ ነበረው። በር ላይ ሲደርስ ክላክስ አይነፋም። ነዳጁን ሰጥቶ ሰጥቶ ይተወዋል፤ ያንን ሰምተን እንከፍትለታለን።

ሞተሮች ሁሉ እንዲህ ይጮኻሉ። ተኚ።

ሐምሌ 22

ዛሬ የሆነው ለሌላ ሰው ቢነገር ያስቃል።

እኔ ባንክ ነበርኩ። ብልጭታ ሱቅ ደወለ። ስልኩን ያነሳችው የወንድሜ ሚስት ናት። የኔ ድምፅ መስሎት እየጮኸ፣

"ማዘር! ሞተ!"

"ማን?" አለችው።

"ሦስት ጊዜ አስነሳነው። ትንሽ ተንፈስ ይላል፣ ከዚያ ይሞታል። አሁንማ ጭራሽ ሞተ!"

ስመለስ መሬት ላይ ተቀምጣ ነው ያገኘኋት። ስልኩ ጭኗ ላይ ነው፤ ከውስጡ "ሄሎ፣ ሄሎ፣ ማዘር" ይላል አሁንም። አላለቀሰችም። "ሦስት ጊዜ አስነሱት አሉ" አለችኝ። "ሐኪም አለ ማለት ነው፣ አይደል?"

ጋራዥ ሄጄ ብልጭታን ከኮፈኑ ሥር አወጣሁት።

"ከዛሬ ጀምሮ በስልክ 'ሞተ' የሚል ቃል አልሰማም።"

ነገሩ ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ። "ይቅርታ ማዘር። እሺ። 'ጠፋ' እላለሁ።"

ዝም ብዬ አየሁት።

"እሱም አይሆንም፣ አይደል?" አለ ቀስ ብሎ።

"አይሆንም።"

"ታዲያ ምን ልበል? ሞተር ሲሆን ሌላ ቃል የለውም እኮ።"

"'ቆመ' በል።"

መካኒኩ ከሌላ መኪና ሥር ሆኖ፣ "እና ሲነሳስ ምን እንበል?" አለ። ቀልዱን ነው። ብልጭታ ተመልሶ ኮፈኑ ሥር ገባ።

ሐምሌ 25

ፈሳሽ ሳሙና 12 ጄሪካን ወጣ። ጥሩ ቀን። ዝናቡ አላባራም።

ማታ ማታ ድምፁ ይሰማል። እሷ አሁን አትናገርም፣ እኔን ብቻ ታያለች። እኔም ሾርባዬን አያለሁ።

ሐምሌ 28፣ ማታ

ዛሬ ያየሁትን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ፤ አስፈላጊ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ደረስኩ። ሞተሩ ይሠራል፣ አሁንም ይተነፍሳል ግን አይቆምም። ኮፈኑ ተከፍቶ ብልጭታ ከነቴስተሩ ላዩ ላይ ተደፍቷል። የሹፌሩ ወንበር ላይ ገብቼ ተቀመጥኩ። ያለ ምክንያት ነው፣ ዝናብ ነበር። እጄ ቁልፉን ነካው። ወደ ራሴ ሳብ አደረግኩት።

ወጣ።

ሞተሩ መሥራቱን ቀጠለ።

ቁልፉን መዳፌ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። መሪው ሥር ያለው ቀዳዳ ባዶ ነው። ሞተሩ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። መስኮቱ አዲስ ነው እንጂ ያው መኪና ነው፣ ያው ወንበር።

"ማዘር፣ አንዴ ያጥፉልኝ!" አለ ብልጭታ።

ቁልፉን በመስኮቱ አወጣሁና አሳየሁት። ቴስተሩ ከእጁ ወደቀ። የማያውቀውን ጸሎት ጀምሮ መሀል ላይ ረሳው።

መካኒኩ ብቻ አልደነገጠም። "ቁልፍ መግቢያው ተበልቷል" አለ። "ሞተሩን ነው እንጂ የቀየርነው እሱ የድሮው ነው። ሳይጠፋ ይወጣል። ወንድምሽ ያውቀዋል፤ እዚሁ ደጅ ሲያደርገው አይቻለሁ። ሞተሩን ሳያጠፋ ቁልፉን ያወጣና በሩን በሱ ይቆልፋል።"

"ለምን?"

"ካጠፋው አይነሳለትማ። ባትሪው ደክሞ ነበር።"

አዲሱ ባትሪ ፊት ለፊቴ ነበር፣ ትልቁ።

ማለትም፦ ያለ ቁልፍ የሚሠራ መኪና የሚባል ነገር የለም። ወንድሜ ሞተሩን ሳያጠፋ በሩን በቁልፉ ቆልፎ ወረደ። ይህን የሚያደርግ ሰው የሚመለስ ሰው ነው። ያውም ቶሎ።

ሚስቱ ለአባቷ የነገረችው ይህንኑ ነበር። እኔ የዚያን ዕለት ካርቶን እየቆጠርኩ ነው የሰማኋት።

ነሐሴ 1

ፖሊስ ጣቢያ። መርማሪው ጨዋ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ።

"ቶሎ ሊመለስ ነው የወረደው" አልኩት፣ የቁልፉን ነገር አስረድቼ።

"አልተመለሰማ፣ እመቤት።"

"እሱንማ እኔም አውቃለሁ።"

"የት ሊሄድ ነው ቶሎ የሚመለሰው? ሱቅ የለ፣ ቤት የለ። ያለው ማቆሚያው ብቻ ነው።" መዝገቡን ወደኔ አዞረው። "ይኸው፣ የራስዎ ቃል ነው። ምንም አልጎደለም።"

የራሴ ቃል ነው።

ነሐሴ 3

ልብስ ሰፊውን መንገድ ላይ አገኘሁት። ጄኔሬተሩን ማታ ማታ ወደ ጓሮ ቢያዞረው ብዬ ጠየቅኩት።

"የቱን ጄኔሬተር?" አለኝ። "ግንቦት ላይ ሸጬው የለ እንዴ እትዬ? ማሽኑን በእግሬ ነው የምረግጠው።"

ሌላ ጎረቤት ይሆናል። አልጠየቅኩም።

ዛሬ ከመምሸቱ በፊት መስኮቱን ዘጋሁ። ብርድ ነበር።

ነሐሴ 8

ብልጭታ አገኘው! ሁለት ሽቦ አፋልሶ ነበር። ኮምፒውተሩ "ዝጊ" ሲላት የአየር በሯ ትከፍታለች፤ "ክፈቺ" ሲላት ትዘጋለች። እሱ ሊያረጋጋ ባዘዘ ቁጥር እሷ ታብሳለች። "ሲጣሉ ነው የከረሙት" አለ፣ አፍሮ ይሁን ኮርቶ አልለየሁትም። ሰማያዊና አረንጓዴ። ያ ሁሉ መተንፈስ እሱ ነበር።

አቀያየራቸው። ሞተሩ ተነሳ፣ ትንሽ ፈለገ፣ ቦታውን አገኘና ቀጥ አለ። ውሃ የሞላ ብርጭቆ ላዩ ላይ ቢቀመጥ አይፈስም። ሞተሩ ልክ ሲሆን የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር።

ማታ

ሌላም ነገር አለ። መጻፍ አለብኝ።

መካኒኩ ራዲያተሩን ሊሞላ ውሃ ፍለጋ የኋላውን በር ከፈተና ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ያለውን ጥግ በእጁ ዳበሰ። እዚያ ወለሉ ላይ አራት ማዕዘን የዝገት ምልክት አለ።

"ጄሪካኑን የት አደረጋችሁት?"

"የቱን ጄሪካን? ፈሳሽ ሳሙናው ሁሉ ተቆጥሮ መጋዘን ገብቷል።"

"የሳሙናውን አላልኩም። የውሃውን። ቢጫው፣ ክዳኑን በቀይ ሽቦ ያሰረው።"

አላስታወስኩም። መካኒኩ ተቀመጠ። የድሮው ሞተር የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለት የሞተሩ ክዳን ማሸጊያ፣ ከተቃጠለ ቆይቶ ነበር አለኝ። ውሃ ይጠጣል። ወንድሜ በየመንገዱ ያጠጣው ነበር። ሲያጠጣ ደግሞ ሞተሩን አያጠፋም፤ የጋለ ሞተር ቆሞ ቀዝቃዛ ውሃ ከገባበት ይሰነጠቃል።

"አልነገረሽም?"

ነግሮኛል። ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ካርቶን እያወረደ። ትዕዛዝ የበዛበት ሳምንት ነበር፣ መኪናውን ሦስት ቀን ማቆም አይቻልም ነበር። ትዕዛዙ ይለፍ አልኩት። ማንም ነጋዴ እንዲሁ ይላል።

ጄሪካኑን መጋዘን ውስጥ ፈለግኩት። እሷም አብራኝ ፈለገች፣ ለምን እንደሆነ ሳትጠይቅ። የለም።

እኔ ዕቃ ስቆጥር ሙሉውን ነው የምቆጥረው። ባዶ ጄሪካን ዕቃ አይደለም። መርማሪው ምን ጎደለ ሲለኝ በሽያጭ ዓይን ነው ያየሁት። ጎድሎ ነበር። አንድ ባዶ ጄሪካን ጎድሎ ነበር፣ ባዶውን ይዞ የወረደ ሰው ደግሞ የሚሄደው ወደ አውቶቡስ ሳይሆን ወደ ውሃ ነው።

ነሐሴ 9፣ ማታ

መካኒኩን ረጅም መንገድ እንፈትነው አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ ገብቶታል፤ ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቅ መሪውን ያዘ።

ኩርባው ላይ ቆምን። ሞተሩን እንዳያጠፋው ነገርኩት። ቁልፉን አወጣ፣ በሩን ቆለፈ። መኪናው ሰው ሳይኖርበት ቀጥ ብሎ ይሠራል፤ እኛ መንገዱን ተሻገርን። ማቆሚያው ወደ ታች ነው። በዚህኛው ማዶ ቁጥቋጦና የሽቦ አጥር፣ ከዚያ ወዲያ የድሮው የድንጋይ ማውጫ። ከመንገዱ ሲታይ አጥሩ ድፍን ነው። ጠጋ ሲሉት ግን አንድ ቦታ ሽቦው ወደ ላይ ተቆልምሟል፣ ሥሩ በእግር ብዛት ለስልሷል። ሹፌሮች የሚያውቁት ቀዳዳ ነው። መካኒኩም ያውቀው ነበር። "ቆሞ የቀረ መኪና ሁሉ ከዚህ ነው የሚጠጣው" አለ። "በበጋ ግን ጉድጓዱ እንዲህ አልነበረም።"

ክረምቱ ሞልቶታል። ውሃው ጥቁር ነው፣ ዝናብ እየወረደበት እንኳ የማይንቀሳቀስ ይመስላል። መውረጃው መንገድ መሀሉ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በታች ያለው ዳር በሙሉ ተንዶ ውሃ ውስጥ ገብቷል፣ ከነሣሩ። የተቆረጠው አፈር ቀይ ነው።

ከኋላችን የመኪናው ድምፅ ይሰማል። ዝቅ ያለ፣ እኩል። ያንን እየሰማ ነው የወረደው፤ ድምፁ እስካለ ድረስ ጊዜ አለው።

ጄሪካኑን ያየው መካኒኩ ነው። ማዶ፣ ዓለቱ ሥር፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይንሳፈፋል። ቢጫ። ክዳኑ ተከፍቶ በቀይ ሽቦ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ድንጋይ ልወርውርበት? ወደዚህ ይመጣ እንደሆነ" አለ። ከዚያ የተናገረው ለራሱም ጆሮ ከብዶት ቆቡን አወለቀ።

"ተወው" አልኩ። "ፖሊሶቹ እንዳለ ይዩት።"

ስንመለስ መኪናው እየሠራ ጠበቀን። ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደን። መርማሪው እስከ መጨረሻው አላቋረጠኝም። ጨልሟል፣ የሚጠልቁት ሰዎች ነገ ይመጣሉ፣ የተናደውን አፈር የሚቆፍርም ያስፈልጋል አለ። "ቃልዎን ላስተካክል?" አለኝ። አንድ ባዶ ጄሪካን ጎድሏል ብዬ አስመዘገብኩ። ፈረምኩ።

ቤት ስንደርስ በሩ ተከፍቶ ነበር። የወንድሜ ሚስት ዣንጥላ ይዛ ቆማለች። ጫማዬ ላይ ያለውን ቀይ አፈር አየች። ከዚያ ፊቴን። ከዚያ ዣንጥላውን ወደኔ አዘነበለች፣ እሷ እየረጠበች።

"ራት ቀርቧል፣ እትዬ" አለች።

በላን። አባቷ ስለሚመጣበት ቀን አወራን፣ ስለ ሆቴሉ ትዕዛዝም አወራን። እሷ ነበረች የምታወራው። ዛሬ ትተኛ ብዬ ነው ያልነገርኳት።

ነገ፦ ከመንጋቱ በፊት እሷን ቀስቅሶ መንገር፣ እኔው ራሴ። ለአባቷ ሰው መላክ፤ መምጣት ካለበት ለቅሶ ሊደርስ ይምጣ። ከመጋዘን ረጅሙን ገመድ። አንድ ሰዓት ላይ ጣቢያ። ሱቅ አይከፈትም።